«ፓፑዋ» የሚባል የቋንቋ ቤተሰብ የለም
(በአንድ የሕዝብ ንግግር ላይ የቀረበ፣ ለንባብ እንዲመች ትንሽ የተስተካከለ)

እንደምን አመሻችሁ። ማስታወቂያው ላይ «የፓፑዋ ቋንቋዎች» የሚል ርዕስ አይታችሁ ነው የመጣችሁት። እንግዲህ በርዕሱ ልጀምርና ወዲያው ላፍርሰው። የፓፑዋ ቋንቋዎች የሚባል ቤተሰብ የለም። ሴማዊ ቋንቋዎች ስንል አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ዐረብኛና ዕብራይስጥ ከአንድ ጥንታዊ ቋንቋ ወረዱ ማለታችን ነው። ፓፑዋ ስንል ግን እንዲህ ያለ ነገር ማለታችን አይደለም። ስሙ የሚነግረን ምን እንዳልሆኑ ብቻ ነው።

ኒው ጊኒ ከግሪንላንድ ቀጥላ የዓለም ሁለተኛዋ ትልቅ ደሴት ናት። ከአውስትራሊያ በስተሰሜን ነው ያለችው። ምዕራባዊው ግማሽ የኢንዶኔዥያ ነው። ምሥራቃዊው ግማሽ ደግሞ በ1975 ነፃ የወጣችው ፓፑዋ ኒው ጊኒ ነው። (ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።) በደሴቲቱና በዙሪያዋ የሚነገሩት ቋንቋዎች በትልቁ ሁለት ናቸው። አንደኞቹ ኦስትሮኔዥያን ይባላሉ። ተናጋሪዎቻቸው ከታይዋን አካባቢ ተነስተው፣ ከደሴት ደሴት በጀልባ እየተሻገሩ፣ የዛሬ 3,000 ዓመት ከዚያም ቀደም ብሎ ወደዚህ የመጡ ናቸው። ማላይኛ፣ የፊሊፒንሱ ታጋሎግ፣ የማዳጋስካሩ ማላጋሲ፣ የሃዋይ ቋንቋ ሁሉ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። በዚህ የሚከራከር የለም።

ሁለተኞቹ ግን እነዚህ ሳይመጡ በፊት ከነበሩት ቋንቋዎች የወረዱ ናቸው። አንድ የአካባቢው ቋንቋ ኦስትሮኔዥያን ካልሆነ፣ ከአውስትራሊያ ነባር ቋንቋዎችም ካልሆነ፣ ፓፑዋ ይባላል። በቃ። ቅጽ ስትሞሉ መጨረሻ ላይ «ሌላ» የምትል ሳጥን አለች አይደል? ፓፑዋ ማለት እሷ ናት። የዚህችኛዋ ጉድ ግን ከ800 በላይ ቋንቋዎች ገብተውባታል።

ቁጥሩን ለማየት ያህል፣ እኛ አገር ሰማንያ ምናምን ቋንቋ አለ ብለን በኩራት እንናገራለን። እውነትም ብዙ ነው። ፓፑዋ ኒው ጊኒ ብቻዋን 840 ገደማ ቋንቋ አላት፣ ኦስትሮኔዥያኖቹም ተቆጥረው። ስፋቷ ከኢትዮጵያ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ትልቁ የፓፑዋ ቋንቋ የሚባለው እዚያው ደጋው ላይ ያለው ኤንጋ ነው፤ እሱም ቢሆን ተናጋሪው በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ነው እንጂ ሚሊዮን አይገባም። ብዙዎቹ ቋንቋዎች ከጥቂት መንደር አያልፉም።

ታዲያ ሳጥኑ ውስጥ ስንት ቤተሰብ አለ? መልሱ እንደምትጠይቁት ሰው ነው። አንድ ያለ አለ። ሃያ ሦስት ያለ አለ። ሰማንያ ያለም አለ። ሁሉም ደግሞ ቀልድ የማያውቁ ምሁራን ናቸው። ዛሬ የማሳያችሁ ይህ መልስ ለምን እንዲህ እንደሚራራቅ ነው።

መጀመሪያ ግን ለምን ይህን ያህል በዙ? ሁሉም ሰው «ተራራው ነዋ!» ይላል። ተራራውማ አለ። ጫካውና ረግረጉም አለ። ግን የሴፒክ ወንዝ ዳር ሜዳ ነው፤ ሰዉም በታንኳ እንደ ልቡ ይዘዋወራል፤ ቋንቋው ግን እዚያም ብዙ ነው። ስለዚህ ተራራ ብቻውን አይበቃም። ዋናው ጊዜ ነው። ሰው በዚህ ምድር ከኖረ ወደ 50,000 ዓመት ይጠጋዋል። በዚህ ሁሉ ዘመን ደሴቲቱን ሁሉ ጠቅልሎ የገዛ፣ ቋንቋውንም በሌላው ላይ የጫነ መንግሥት አልነበረም።

ሌላ ምክንያትም አለ፣ እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ እሱ ነው። ሰዉ ራሱ መለየት ይወዳል። በደሴቲቱ ምሥራቅ ባለው በሁዮን ልሳነ ምድር ሰለፔት የሚባል ቋንቋ ይነገራል። ቋንቋውን ያጠናው ኬኔት ማኬልሃነን እንደዘገበው፣ አንድ የሰለፔት መንደር ሰዎች ስብሰባ ተቀምጠው «አይደለም» የሚለውን ቃል በሌላ ለመተካት ተስማሙ። ለምን ቢሉ፣ ከጎረቤት መንደሮች ለመለየት። ተኩትም። ቡገንቪል ደሴት ላይ ደግሞ ቡዊን የሚባል ቋንቋ አለ። የአንዱ ቀበሌኛ ሰዎች፣ ሌሎቹ በወንድ ፆታ የሚጠሩትን ሁሉ በሴት፣ በሴት የሚጠሩትን ሁሉ በወንድ ያደርጋሉ። ዶን ሌይኮክ የተባለው አጥኚ ይህ ሆን ተብሎ የተደረገ መሆን አለበት ብሎ ደምድሟል፤ ቋንቋ በራሱ ጊዜ ሲለወጥ እንዲህ ተገላቢጦሽ ሆኖ አይወጣማ።

ከዚህ ላይ የአማት ስም ጉዳይ ጨምሩበት። በብዙ የኒው ጊኒ ማኅበረሰቦች የአማትን ስም መጥራት ነውር ነው። ስሙ የዕቃ ወይም የእንስሳ ስም ከሆነ ለዕቃው ሌላ ቃል ይፈለግለታል። የእኛዎቹን የከምባታና የሲዳማ ሴቶች ባሊሻ የምታውቁ ከሆነ ነገሩ አይገርማችሁም። እነሱም የአማቶቻቸውን ስም ብቻ ሳይሆን በስሙ ፊደል የሚጀምረውን ቃል ሁሉ ይሸሻሉ። ባህሉ ደስ ይላል። ለቋንቋ ዝምድና ፈላጊ ግን ራስ ምታት ነው። ቃሉ የተለየው ቋንቋው ባዕድ ስለሆነ ነው ወይስ የአንድ ሰውዬ ስም ስለሆነ?

እሺ፣ ዝምድና እንዴት ይረጋገጣል? በራሳችን ቋንቋ እንየው። እኛ «ስም» ስንል በዕብራይስጥ «ሼም» ይላሉ። እኛ «ሰማ» ስንል እነሱ «ሻማ»። እኛ «ስምንት»፣ እነሱ «ሽሞኔ»። እኛ «ራስ»፣ እነሱ «ሮሽ»። እስራኤል የምትኖሩ ዘመዶቻችን ይህን ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ። ልብ በሉ፣ ማስረጃው ቃላቱ መመሳሰላቸው አይደለም። ማስረጃው ልዩነታቸው ሥርዓት ያለው መሆኑ ነው። እኛ ጋ «ሰ» በሆነበት ቦታ እነሱ ጋ «ሸ» ይመጣል፤ አንዴ ሳይሆን ደጋግሞ። ይህ በአጋጣሚ አይሆንም። በመዋስም አይሆንም፤ ራስና ስምን የሚዋስ ሕዝብ ብዙ የለም።

ሴማዊውን የሚያጠና ሰው ዕድለኛ ነው። የሺህ ዓመታት ድንጋይና ብራና ከኋላው አለለት። ጥርጣሬ ሲይዘው ግዕዙን ገልጦ ያያል። የፓፑዋን የሚያጠና ሰው ገልጦ የሚያየው የለውም። አብዛኞቹ ቋንቋዎች መጀመሪያ የተጻፉት ከመቶ ዓመት ወዲህ ነው። በብዙዎቹ ላይ ያለው ጽሑፍ ደግሞ አንድ የመንግሥት ሹም ወይም ሚስዮናዊ በጉዞ ላይ የመዘገበው የቃላት ዝርዝር ብቻ ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው በሲድኒ ሬይ ነው። ለንደን ውስጥ የሚያስተምር የመጀመሪያ ደረጃ መምህር ነበር፤ ቋንቋ የሚያጠናው በትርፍ ሰዓቱ ነው። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ከኒው ጊኒ የሚደርሱትን የቃላት ዝርዝሮች ሲያገላብጥ አንድ ነገር ታየው። ከፊሎቹ ከፓሲፊክ ደሴቶች ቋንቋዎች ጋር ግልጽ ዝምድና አላቸው። ከፊሎቹ ግን ምንም የላቸውም። እነዚህን ለይቶ ፓፑዋ አላቸው። በ1898 የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ጉዞ አባል ሆኖ በአውስትራሊያና በኒው ጊኒ መካከል ወዳለው የቶሬስ ወሽመጥ በመሄድ በቦታው አጠና። ሬይ እነዚህ ቤተሰብ ናቸው አላለም። በኋላ ስሙን የሰሙ ሰዎች ናቸው ቤተሰብ ያደረጓቸው።

እስከ 1930ዎቹ ድረስ ደግሞ የውጭው ዓለም የደሴቲቱ መሀል ተራራ ብቻ ነው ብሎ ያምን ነበር። ማይክል ሌሂ የሚባል አውስትራሊያዊ ወርቅ ፈላጊ በ1930 ወደ ውስጥ ሲዘልቅ፣ ከሦስት ዓመት በኋላም ዋጊ ሸለቆ ሲደርስ፣ ያገኘው የታረሰ መሬትና ሕዝብ ነበር። በደጋው ላይ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ይኖር ነበር። በአንድ ጊዜ የማይታወቁ ቋንቋዎች ዝናብ ወረደ ማለት ነው። የጥናቱ መናኸሪያ በኋላ ካንቤራ ሆነ፣ የአውስትራሊያ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ።

አሁን ወደ ጨዋታው ሰዎች እንምጣ። ጆሴፍ ግሪንበርግን ስሙን የሰማችሁ ትኖራላችሁ። አማርኛን፣ ኦሮምኛን፣ ሐውሳንና የጥንት ግብፅን በአንድ ላይ የያዘውን «አፍሮኤዥያዊ» የሚለውን ስም በዓለም ያስለመደው እሱ ነው። የአፍሪካን ቋንቋዎች በ1963 በአራት ትልልቅ ቡድን ከፈለ፤ ክርክር ቢኖርበትም ሥራው እስከ ዛሬ መነሻ ነው። ይኸው ሰው በ1971 ፊቱን ወደ ፓሲፊክ አዞረ። የፓፑዋ ቋንቋዎችን ሁሉ፣ በህንድ ውቅያኖስ ያለውን አንዳማንን፣ ከአውስትራሊያ በታች ያለችውን ታዝማኒያን ጨምሮ አንድ ቤተሰብ ናቸው አለ። ስሙንም ኢንዶ-ፓሲፊክ አለው። «አንድ» ያለው ሰውዬ እሱ ነው።

ማንም አልተቀበለውም ማለት ይቻላል። ለምን? ዘዴው ከብዙ ቋንቋ ብዙ ቃል ደርድሮ የሚመሳሰለውን መልቀም ነበር። ስምንት መቶ ቋንቋ ፊታችሁ ካለ የሚመሳሰል ቃል አታጡም። በእኔ ግምት አፍሪካ ላይ የተሳካለት ዘዴው ጥሩ ስለሆነ ብቻ አይደለም። አፍሪካ ላይ ከእሱ በፊት መቶ ዓመት የተለፋበት የንጽጽር ሥራ ከእግሩ ሥር ነበረለት። ኒው ጊኒ ላይ መሬቱ ባዶ ነበር።

በዚያው ጊዜ ካንቤራ ላይ ሌላ ሥራ ተጀምሯል። በ1970 ማኬልሃነንና ቮርሁቨ የተባሉ ሁለት አጥኚዎች፣ በምሥራቅ ያለውን የሁዮን አካባቢ ቡድን ከመሀልና ከደቡብ ቋንቋዎች ጋር አያይዘው «ትራንስ ኒው ጊኒ» አሉት። ደሴቲቱን አቋርጦ የሚሄድ ማለት ነው። ማስረጃቸው መጠነኛ ነበር፤ ግን ማስረጃ ነበር። ከዚያ ስቲቨን ዉርም መጣ። ቡዳፔስት ተወልዶ ካንቤራ የከተመ፣ ቋንቋ እንደ ውሃ የሚጠጣ ሰው ነበር። በ1975 ትራንስ ኒው ጊኒን አሰፋና ወደ 500 ቋንቋ ከተተበት። ቀሪውን ሁሉ በጥቂት ትልልቅ ቡድኖች መደበው። ካርታው ሲታይ ያምራል፤ ሁሉም ነገር ቀለም ተቀብቶ ቦታውን ይዟል።

ችግሩ ዉርም ብዙ ጊዜ የሚመዝነው የሰዋስው ቅርጽን ነው። ግሱ መጨረሻ ይመጣል ወይ? ስም ፆታ አለው ወይ? ይህ ለምን አደገኛ እንደሆነ ለማየት ኒው ጊኒ መሄድ አያስፈልገንም። ግዕዝ «በልዐ ወልድ ኅብስተ» ይላል፤ ግሱ መጀመሪያ። አማርኛ «ልጁ ዳቦ በላ» ይላል፤ ግሱ መጨረሻ፣ ልክ እንደ ኦሮምኛና ሲዳምኛ። በዉርም ሚዛን ብንለካው አማርኛ ከግዕዝ ይልቅ ለኦሮምኛ ይቀርባል። ግን አይደለም። አማርኛ ይህን ያመጣው ከጎረቤቶቹ ጋር አብሮ በመኖር ነው። ቻርልስ ፈርጉሰን በ1970ዎቹ ስለ ኢትዮጵያ ቋንቋዎች የጻፈው ይህንኑ ነው፤ የተለያየ ዘር ያላቸው ቋንቋዎች በጉርብትና አንድ መልክ ይይዛሉ። ቅርጽ ይጋባል።

የኒው ጊኒ ደጋ ደግሞ የመጋባት አገር ነው። አንድ ነገር ቀረብ ብለን እንይ። በማዳንግ ክፍለ ሀገር ተራሮች ላይ ካላም የሚባል ቋንቋ አለ። አንድሪው ፖሊ የተባለ ኒው ዚላንድ ያደገ አጥኚ ዕድሜውን ሙሉ ያጠናው ነው። ካላም ያለው የግስ ሥር መቶ ሠላሳ ገደማ ብቻ ነው። ሁሉንም ነገር እነዚያን እየገጣጠመ ይናገራል። «እንጨት ለቅሜ መጣሁ» ለማለት በተርታ «አም፣ ሞን፣ ፕክ፣ ድ፣ አፕ፣ አይ» ይላሉ፤ ሂድ፣ እንጨት፣ ምታ፣ ያዝ፣ ና፣ አስቀምጥ እንደማለት። ማን እንዳደረገውና መቼ እንደሆነ የሚነግረው የመጨረሻው ግስ ላይ ያለው ቅጥያ ነው።

አማርኛ ተናጋሪ ይህን ሲሰማ ቤቱ የገባ ያህል ይሰማዋል። እኛም «ሄዶ፣ ለቅሞ፣ ተሸክሞ፣ መጥቶ፣ ጣለው» እያልን ቦዝ አንቀጹን ስናንጋጋ ውለን በማሰሪያ አንቀጽ እንዘጋለን። እዚያው ማዳንግ አጠገብ ያለው አመሌ ደግሞ አንድ እርምጃ ይጨምራል። «ገብቶ ተቀመጠ» ስንል የተቀመጠው የገባው ሰው ነው ብለን እንገምታለን። በአመሌ ግን መገመት የለም። የመጀመሪያው ግስ ላይ ያለው ምልክት «ቀጥሎ የሚመጣውን የሚያደርገው ይኸው ሰው ነው» ወይም «ተጠንቀቅ፣ ባለቤቱ ሊለወጥ ነው» ብሎ አስቀድሞ ይናገራል። አሳማው ሮጦ ወጣ፤ የገደሉት ግን ሰዎቹ ናቸው። አሳማው ሲሮጥ ነው ይህን የምታውቁት። ይህ አሠራር በደጋው ሁሉ አለ። ዘመድ በሆኑትም ዘመድ ባልሆኑትም። ስለዚህ ለዝምድና አይመሰክርም።

በ1986 ዊልያም ፎሊ የዉርምን ትልልቅ ቡድኖች በሚገባ አራገፈ። በተረጋገጠው ብቻ እንሂድ ካልን ከስልሳ በላይ የተለያዩ ቤተሰቦች አሉ አለ። ለትንሽ ጊዜ ትራንስ ኒው ጊኒ የሞተ መሰለ።

ያነሱት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ማልኮም ሮስ ነው፤ ተውላጠ ስሞችን ብቻ ይዞ ተነሣ። በብዙ ቋንቋዎች «እኔ» ወደ «ና» የሚጠጋ ነገር ነው። «አንተ» ወደ «ንጋ» ይጠጋል። እስቲ አሁን «ና» ብቻውን ማስረጃ ይሆናል? አይሆንም። ዐረብኛ «አና» ይላል፣ ዕብራይስጥ «አኒ»፣ እኛ «እኔ»። በዚህማ ከሄድን እኛም ፓፑዋዎች ነን። የሮስ ብልሃት ግን ሌላ ነው። ብዙ ቁጥር ላይ «እኛ» «ኒ» ይሆናል፣ «እናንተ» ደግሞ «ንጊ»። ና፣ ኒ። ንጋ፣ ንጊ። አንድ ሲሆን ራብዕ፣ ብዙ ሲሆን ሣልስ! እንደ ፊደል ገበታ ተራውን ጠብቆ ይሄዳል። አንድ ቃል በአጋጣሚ ሊመሳሰል ይችላል። ሠንጠረዡ በሙሉ በአጋጣሚ ሲመሳሰል ግን አይታይም። በ2005 ሮስ በዚህ መንገድ ቋንቋዎቹን ሃያ ሦስት ያህል ቤተሰብና አሥር ገደማ ብቸኛ፣ ማለትም ዘመድ ያልተገኘላቸው፣ ቋንቋዎች አድርጎ መደባቸው።

ሌላው ራሱ ፖሊ ነው። ከካላምና ከሌሎች ቋንቋዎች ወደ 200 የሚጠጉ ጥንታዊ ቃላትን መልሶ ለማዋቀር ሞከረ። በጣም የምወደው የቅማል ቃል ነው። ቅማል የሌለበት ሕዝብ የለም፤ ስሙንም ከጎረቤት የሚዋስ የለም፤ ስለዚህ የቋንቋ አጥኚዎች ቅማልን በጣም ያከብራሉ። በካላም «ይማን» ይሉታል። ሁዮን ላይ ባለው ካቴ «ኢመንግ»። ፖሊ ሁለቱንም ሌሎቹንም ይዞ ጥንታዊው ቃል «ኒማን» ዓይነት ነበር ይላል። በሌላ በኩል እዚያው ዝርዝር ውስጥ ለጡት የተሰጠው «አሙ» ነው። እኔ በዚህኛው ብዙም አልተማመንም። የጡት ልጅ በየትም አገር አፉን ሲከፍት መጀመሪያ የሚወጣለት እሱ ነው፤ «እማማ» ስለምንል ዘመድ ልንባል አንችልም።

ዛሬ ብዙዎች ትራንስ ኒው ጊኒ እውነተኛ ቤተሰብ ነው ብለው ይቀበላሉ፤ ዳር ዳሩ ላይ ነው ጭቅጭቁ። እንደ ቆጣሪው ከ300 እስከ 500 ቋንቋ ይይዛል። እንዴት ይህን ያህል ተስፋፋ ለሚለው፣ ብዙዎቹ ጣታቸውን የሚቀስሩት ዋጊ ሸለቆ ውስጥ ወዳለው የኩክ ረግረግ ነው። ጃክ ጎልሰን የተባለ አርኪዮሎጂስትና ባልደረቦቹ እዚያ በሺዎች ዓመታት ዕድሜ ያላቸው የእርሻ ቦዮችና መደቦች አገኙ። ሰዎቹ የዛሬ 7,000 ዓመት ገደማ ሙዝና ጎደሬ ይተክሉ ነበር፣ ከማንም ሳይማሩ። ዩኔስኮ በ2008 የዓለም ቅርስ አድርጎ መዝግቦታል። እርሻ የያዘ ሕዝብ ይበዛል፣ ሲበዛ ይስፋፋል፣ ቋንቋውም አብሮት። ሐሳቡ ያሳምናል፤ ማስረጃው ግን የገጠመው በጊዜና በቦታ ነው እንጂ ቦዩ ውስጥ ማን ምን ብሎ እንደተናገረ የሚነግረን የለም።

ከትራንስ ኒው ጊኒ ውጭ ያለው ክፍል፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለእኔ የበለጠ ይጥመኛል። በሰሜን ሴፒክና ቶሪቼሊ የሚባሉ ቤተሰቦች አሉ። በምዕራብ ደግሞ የቅመም ንግድ ሱልጣኖች የነበሩባቸው ተርናቴና ቲዶሬ የሚባሉ ደሴቶች፣ በእስልምናና በንግድ ከማላይ ዓለም ጋር ተዋህደው ኖረው እንኳ ቋንቋቸው ፓፑዋ ነው። ቡገንቪል ላይ ያለው ሮቶካስ አሥራ አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው፤ በዓለም ካሉት ትንንሾቹ መካከል ነው። ከባሕሩ ማዶ ሮሰል ደሴት ላይ ያለው የሊ ድኜ የሚባል ቋንቋ ግን ወደ ዘጠና ድምፅ አለው።

በደቡብ ያም የሚባል ቤተሰብ አለ፤ ስሙ ከሚተክሉት ሥራ ሥር ነው፣ በእኛ ደቡብ ቦዬ ከሚባለው። እነዚህ ሰዎች የሚቆጥሩት በስድስት ነው። ለድግስ ያሙ ሲቆጠር ሁለት ሰዎች ሦስት ሦስት ያነሳሉ፤ አንድ ዙር ስድስት ነው። ኮምንዞ በሚባለው ቋንቋ ስድስት «ኒቦ» ይባላል። ስድስት ጊዜ ስድስት «ፍታ»፣ 36። ከዚያ «ታሩባ»፣ 216። ከዚያ «ዳምኖ»፣ 1,296። እንዲህ እያለ እስከ «ዊ» ይደርሳል፤ እሱ 46,656 ነው። ለእያንዳንዱ የራሱ አንድ ቃል አለው። «ኋላ ቀር ሕዝብ ከሦስት በላይ አይቆጥርም» የሚል ወሬ የሰማችሁ ካላችሁ፣ እስቲ 46,656ን በአማርኛ በአንድ ቃል በሉልኝ።

አሳዛኙ ታምቦራ ነው። በኢንዶኔዥያ ሱምባዋ ደሴት ላይ ያለው የታምቦራ ተራራ በ1815 ፈነዳ። በታሪክ ከተመዘገቡት ፍንዳታዎች ሁሉ ትልቁ ነው። ሥሩ የነበረው ትንሽ መንግሥት ከነሕዝቡ ጠፋ። ከፍንዳታው በፊት የተሰበሰቡ ጥቂት ደርዘን ቃላት ስለነበሩ በ1817 ታትመው ቀሩ። ዛሬ እነዚያን ቃላት ያየ ሰው ከጎረቤቶቻቸው ኦስትሮኔዥያን ቋንቋዎች ጋር ሊያዛምዳቸው አልቻለም። ስለዚህ ፓፑዋ ተባለ። ከማን ጋር ይዛመዳል? ከጥቂት ደርዘን ቃል አይታወቅም። ሳጥኗ ውስጥ ገባ፣ አለቀ።

ከሳጥኗ የወጣም አለ። በሰለሞን ደሴቶች ጫፍ ያሉትን የሪፍና የሳንታ ክሩዝ ቋንቋዎች ዉርም ፓፑዋ ናቸው ይል ነበር፤ ሰዋስዋቸው ያስደነግጣላ። በ2007 ሮስና ኦሺልድ ኔስ ቁጭ ብለው የድምፅ ለውጦቹን አንድ በአንድ ሲከታተሉ ኦስትሮኔዥያን ሆነው ተገኙ። ሥርዓት ያለው ልዩነት ብዬ ቅድም ያልኳችሁ ዘዴ ነው ያወጣቸው። ለዚህ ነው የእኔ ልብ ወደ ዘገምተኞቹ የሚያደላው። ካርታ በአንድ ቀለም የሚቀባ ሰው ቶሎ ይታወቃል። ሦስት ትንንሽ ቋንቋ ወስዶ አሥር ዓመት የሚቀመጠው ሰው ስሙን ማንም አያውቀውም፤ ሥራው ግን አይፈርስም።

ታዲያ ዛሬ ስንት ነው? በ2018 በቢል ፓልመር አዘጋጅነት የወጣው ትልቅ ሥራ 862 ቋንቋዎችን በ43 ቤተሰብና በ37 ብቸኛ ቋንቋዎች ይመድባል። ሰማንያ ያልኳችሁ እሱ ነው። ቲሞቲ አሸር የተባለ አጥኚ ደግሞ ከዚህ በጣም ያነሰ ይቆጥራል። ልዩነቱ አንዱ ስለተሳሳተ አይደለም። አንዱ «ማስረጃው እስኪሞላ ለየብቻ ይቆዩ» ይላል፤ ሌላው «አዝማሚያው ይታያል፣ እናያይዘው» ይላል። ስለዚህ አንድ ካርታ ስታዩ ሠሪው የትኛው ዓይነት ሰው እንደሆነ ጠይቁ።

ጊዜው ግን እየጠበቀ አይደለም። ቶክ ፒሲን የሚባለው፣ ከእንግሊዝኛ ቃላት የበቀለው የአገሪቱ መግባቢያ፣ በየመንደሩ እየገባ ነው። ሴፒክ አካባቢ ታያፕ የሚባል ዘመድ የሌለው ቋንቋ አለ፤ ጋፑን በምትባል አንዲት መንደር ብቻ ነው የሚነገረው። የሚችሉት ሰዎች ከመቶ በታች ናቸው። ልጆቹ ቶክ ፒሲን ነው የሚያወሩት። ወላጆቹ ልጆቹን ይወቅሳሉ፤ ራሳቸው ግን ከልጆቹ ጋር በቶክ ፒሲን ያወራሉ። ውጭ አገር ልጅ የምታሳድጉ ይህን ሳልተረጉምላችሁ ገብቷችኋል።

አንድ ጥያቄ በጽሑፍ ደርሶኛል፤ እሱን መልሼ ላብቃ። «አውስትራሊያና ኒው ጊኒ ድሮ አንድ መሬት ከነበሩ ቋንቋቸው ለምን አይዛመድም?» ይላል። ጥሩ ጥያቄ ነው። በእርግጥ አንድ ነበሩ። በበረዶ ዘመን ባሕሩ ዝቅ ብሎ ስለነበር በእግር ይኬድ ነበር። ውሃው መሀላቸው የገባው የዛሬ 8,000 ዓመት ገደማ ነው። ስለዚህ ዝምድና ሊኖር ይችላል። የሞከሩም አሉ። ችግሩ የንጽጽር ዘዴያችን አቅም እዚያው አካባቢ ያልቃል፤ ከ8,000 ወይም ከ10,000 ዓመት በላይ ሲሆን የቀረው ምስል ከአጋጣሚ አይለይም። ግን አንድ ነገር ልጨምር። በቶሬስ ወሽመጥ ምዕራብ ያሉት ደሴቶች ቋንቋ የአውስትራሊያ ነው። በምሥራቅ ያለው ሜሪያም ግን ፓፑዋ ነው፤ ዘመዶቹ ከባሕሩ ማዶ ኒው ጊኒ ላይ ናቸው። ሬይ በ1898 የሄደባት የመር ደሴት ቋንቋ ይህ ነው። በ1992 የአውስትራሊያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነባር ሕዝቦች በመሬታቸው ላይ መብት እንዳላቸው የወሰነበት ጉዳይ በስሙ የሚጠራው ኤዲ ማቦም የዚችው ደሴት ልጅ ነው። ስለዚህ «የአውስትራሊያ ነባር ቋንቋ ያልሆነ» ብለን የጀመርነው ትርጉም እዚያ ጋ ትንሽ ይጨንቀዋል፤ ሜሪያም በአውስትራሊያ ምድር ነባር ነው፣ ፓፑዋም ነው።

አመሰግናለሁ።